«ለምን ተሰበረ?» የሚል ሲጠፋ፦ የአጥንት መሳሳትና የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና

በዚህ ሴሚስተር የጤና ዘገባ የሚያስተምሩን መምህር «ቤታችሁ ገብቶ ሳለ ሳታውቁት ስላለፋችሁት በሽታ ጻፉ» የሚል አሳይንመንት ሰጡን። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ያላወቅነውን እንዴት አድርገን ነው የምንጽፈው? ማታ ዶርም ገብቼ ጋደም ስል ግን የአያቴ ቀኝ እጅ ትዝ አለኝ። አንጓው ላይ ትንሽ ጠመም ያለ እጅ ነው።

አያቴ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በ67 ዓመታቸው፣ ጓዳ ውስጥ ውሃ የፈሰሰበት ወለል አዳለጣቸውና በእጃቸው ተደግፈው ወደቁ። ከደረጃ አይደለም፣ ከበቅሎም አይደለም፤ ከቆሙበት ነው የወደቁት። አንጓቸው ተሰበረ። የሰፈራችን ወጌሻ አስተካክለው በቀርከሃ አሰሩላቸው፤ ጊዜው ሲደርስም ፈቱላቸው። ጠመም ቢልም እጁ ሠራ። እንጀራ ጋገሩበት፣ ቡና ወቀጡበት። እኛም ረሳነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ሌሊት ከአልጋ ሲነሱ ብርድ ልብሱ ጠልፎ ጣላቸው። አሁን የተሰበረው ዳሌያቸው ነው። ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ኦፕራሲዮኑ በጥሩ ሁኔታ ተሠራ። ሐኪሞቹን ዛሬም አመሰግናለሁ፤ የማጉረመርመው በሌላ ነገር ነው። ተኝተው በቆዩባቸው አሥራ አንድ ቀናት ውስጥ «መቼ ወደቁ? የት ወደቁ? እንዴት ወደቁ?» ያላቸው ብዙ ነው። «ይህ አጥንት ለምን ተሰበረ?» ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ከዚህ በፊት ሌላ ስብራት ደርሶባቸው እንደሆነም የጠየቀ የለም። እኔም አጠገባቸው እያደርኩ አልተናገርኩም። ሁለቱ ስብራቶች ዘመዳሞች መሆናቸውን በምን አውቄ!

አንደኛ ዓመት ላይ የዜና አጻጻፍ ስንማር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት፣ ለምን እያልን ስድስቱን ጥያቄዎች በቃላችን ይዘናል። «ለምን» ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የምትመጣ ናት፤ ቦታ ሲጠብም መጀመሪያ የምትቆረጠው እሷ ናት። በሕክምናም እንዲሁ መሆኑን ያወቅሁት ይህንን ጽሑፍ ስሠራ ነው።

ሳያም የሚያድግ በሽታ

አጥንት ሲባል አንዴ ተሠርቶ ያለቀ ድንጋይ ይመስለናል። አይደለም። በሕይወት ያለ አጥንት ዕድሜ ልኩን ሲፈርስና ሲሠራ የሚኖር ነገር ነው። አሮጌውን የሚያፈርሱ ሴሎች አሉ፤ አዲሱን የሚገነቡም አሉ። በልጅነትና በወጣትነት ግንበኞቹ ይበረታሉ፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ግን አፍራሾቹ ቀስ በቀስ እያየሉ ይሄዳሉ። ሴቶች ሲያርጡ ደግሞ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ መፍረሱ ይፈጥናል። በመጨረሻ የሚገኘው ከውጭ ሲያዩት ደህና የሚመስል፣ ውስጡ ግን ምስጥ እንደበላው ምሰሶ የሳሳ አጥንት ነው። በሕክምናው ኦስቲዮፖሮሲስ፣ በእኛ አነጋገር የአጥንት መሳሳት ይባላል። አያተኩስም፣ አያስልም፣ እስኪሰበር ድረስ አያምም።

ዓለም አቀፉ የኦስቲዮፖሮሲስ ፋውንዴሽን እንደሚገልጸው ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ከሆነ ሴቶች ከሦስት አንዷ፣ ከወንዶችም ከአምስት አንዱ በዚህ የተነሳ ስብራት ይገጥማቸዋል። ከዚህ ቁጥር ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። አንድ ጊዜ በቀላል አወዳደቅ የተሰበረ ሰው ዳግመኛ የመሰበር ዕድሉ ካልተሰበረው ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ የአያቴ አንጓ ደወል ነበር ማለት ነው። ደወሉ ተደውሎ የሰማው ሰው አልነበረም፤ ለመስማት የሠለጠነም አልነበረም።

ማሽን የለም ማለት ምርመራ የለም ማለት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መለኪያ መሠረት የአንዲት ሴት የአጥንት እፍጋት ከጤናማ ወጣት ሴቶች አማካይ በ2.5 ስታንዳርድ ዴቪየሽን ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ ኦስቲዮፖሮሲስ ነው። ይህንን የሚለካው ዴክሳ የተባለ የኤክስሬይ መሣሪያ ሲሆን ውጤቱ ቲ-ስኮር ይባላል። መለኪያው ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት በሽታውን በቁጥር መናገር አስቸጋሪ ነበር። ነገር ግን አንድ ችግር ይዞ መጣ። ባለሙያው ሁሉ «ማሽኑ ከሌለ ምን ማድረግ እችላለሁ?» ብሎ እጁን እንዲያጣጥፍ ምክንያት ሆነው።

የጤና መኮንን ተማሪ የሆነች የዶርም ጓደኛ አለችኝ፤ አራተኛ ዓመት ናት። ስለ አጥንት መሳሳት ምን ያህል እንደተማሩ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና «አንድ ክፍለ ጊዜ፤ እሱም ስለ ዴክሳ ነበር» አለችኝ። ለተግባር ልምምድ በወጣችበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ግን ዴክሳ የሚባል ነገር በዓይኗ አላየችም። ታዲያ የተማረችው ምን ሊጠቅማት?

እዚህ ላይ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በአሜሪካ የብሔራዊ የአጥንት ጤና ጥምረት የሥራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሐሳብ መሠረት ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው በቀላል አወዳደቅ ዳሌው ከተሰበረ ቲ-ስኮሩ ምንም ይሁን ምን ኦስቲዮፖሮሲስ አለበት ሊባል ይችላል። ስብራቱ ራሱ ምርመራው ነው። በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ፍራክስ የተባለው ስሌትም እንዲሁ ያለ ማሽን ሊሠራ ይችላል። የሚጠይቃቸው ነገሮች ማንም ጤና ባለሙያ ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ናቸው፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ክብደት፣ ቁመት፣ የቀድሞ ስብራት፣ የእናት ወይም የአባት የዳሌ ስብራት፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ የቁርጥማት በሽታ፣ የስቴሮይድ መድኃኒት። ከዚያ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የመሰበር ዕድሉን በመቶኛ ይናገራል።

ከዚህም የቀለለ አለ። ሰውየውን ጫማ አስወልቆ ተረከዙንና ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ ማቆም ነው። የራስ ቅሉ ጀርባ ግድግዳውን ካልነካ አከርካሪው ጎብጧል። ቀጥሎ በታችኛው የጎድን አጥንትና በዳሌው ጫፍ መካከል ጣት ማስገባት። ከሁለት ጣት በላይ የማያስገባ ከሆነ አከርካሪው ሳይሰማ ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ ከአከርካሪ ስብራቶች ሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ሐኪም ዘንድ ሳይታወቁ ያልፋሉ ይባላል፤ ሰው «ወገቤን አመመኝ፣ እርጅና ነው» ብሎ ስለሚተወው።

ይህን ለጓደኛዬ ሳነብላት ዝም አለች። ቆይታ «ጀርባቸው የጎበጠ አሮጊቶች ይመጡ ነበር እኮ፤ ካርዱ ላይ የጀርባ ሕመም ብዬ ጽፌ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቼ ነው የምልካቸው። አንዳቸውንም ግድግዳ ላይ አላቆምኩም» አለችኝ። ይህን እንድጽፈው የፈቀደችልኝ ራሷ ናት።

አንዲት ነርስና አንድ ዝርዝር

ወደ ሥልጠናው እንምጣ። ሁለት ልምዶችን ብቻ ላንሳ፤ የመጀመሪያው የስኮትላንዷ ግላስጎው ነው። እዚያም ችግሩ እንደ አያቴ ነበር። የአጥንት ቀዶ ሐኪሙ የተሰበረውን ይጠግናል፤ ቀሪውን የቤተሰብ ሐኪሙ ይየው ይላል። የቤተሰብ ሐኪሙ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ አይቶታል ብሎ ይተወዋል። በሁለቱ መካከል በሽተኛው ይወድቃል፤ በእውነትም ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ግላስጎው ውስጥ አንድ አሠራር ተጀመረ። ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ተመደቡ። ሥራቸው ስብራት የገጠማቸውንና 50 ዓመት የሞላቸውን ሰዎች ስም ከዎርዱም ከተመላላሽ ክሊኒኩም እየለቀሙ፣ እያንዳንዱን ጠርተው አጥንቱን ማስመርመርና ሕክምና የሚያስፈልገውን ለቤተሰብ ሐኪሙ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ሌላ ተአምር የለውም። ጥያቄዋ ባለቤት አገኘች፣ ይኸው ነው። አሠራሩ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቶ ዓለም አቀፉ ፋውንዴሽንም እ.ኤ.አ. በ2012 ሆስፒታሎች ሁሉ እንዲይዙት ዘመቻ ጀመረ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ባለሙያን ማሠልጠን ማለት አዳራሽ ሰብስቦ ስላይድ ማሳየት ብቻ አለመሆኑን ነው። አንድ ሺህ ባለሙያ ስለ ኦስቲዮፖሮሲስ ቢያውቅና የማንም ሥራ ካልሆነ ያው የማንም ሥራ አይደለም። ሥልጠናው የሥራ ድርሻ ተቆርሶ ካልተሰጠበት ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ አሮጊቷ ግን ግድግዳው ላይ አትቆምም።

ከኒው ሜክሲኮ የመጣው ትምህርት

ሁለተኛው ልምድ ለእኛ አገር የበለጠ የሚቀርብ ይመስለኛል። የአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ሰፊ፣ ሕዝቧ የተበታተነ፣ ስፔሻሊስት የሌለባቸው ብዙ ወረዳዎች ያሏት ግዛት ናት። ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ የተባሉ የጉበት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሮጀክት ኢኮ የሚባለውን ሥራ ጀመሩ። በሽተኛውን ወደ ስፔሻሊስቱ ከማመላለስ ይልቅ የስፔሻሊስቱን ዕውቀት በቪዲዮ ወደ ገጠሩ ባለሙያ መላክ ነው ሐሳቡ። የገጠሩ ሐኪም ወይም ነርስ የበሽተኛውን ስም ሳይጠቅስ እውነተኛ ታሪኩን ያቀርባል፤ ሁሉም ይወያዩበታል፤ በሽተኛውን የሚያክመው ግን ያው የገጠሩ ባለሙያ ነው።

ሠርቷል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት 407 የሄፓታይተስ ሲ በሽተኞችን ተከታትሏል። ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት ውስጥ 57.5 በመቶው፣ በገጠርና በእስር ቤት ክሊኒኮች በኢኮ ከታከሙት ደግሞ 58.2 በመቶው ተፈውሰዋል። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ይህን ቁጥር ሳይ እውነት ለመናገር ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ማይክል ሌዊኪ የተባሉ የአጥንት ጤና ስፔሻሊስት እ.ኤ.አ. በ2015 ያንኑ ዘዴ ለኦስቲዮፖሮሲስ አዋሉት። በየሳምንቱ በቪዲዮ ይገናኛሉ፤ አጭር ትምህርት አለ፤ የቀረው ጊዜ የበሽተኞች ታሪክ ነው። ለምን ታሪክ? የአጥንት መሳሳት ሕክምና በአንድ ሌክቸር የማይያዙ ትንንሽ ነገሮች የበዙበት ስለሆነ ነው።

ለምሳሌ በብዛት የሚታዘዘውን አሌንድሮኔትን እንውሰድ። 70 ሚሊግራሙ ኪኒን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል። ከዚያ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ምንም ሳይበሉና ሳይጠጡ፣ ሳይተኙም መቆየት ያስፈልጋል። በቡና ወይም በወተት ከተወሰደ ሰውነት ውስጥ አይገባም፤ ወስዶ የተኛ ሰው ደግሞ ጉሮሮው ሊቆስል ይችላል። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው አይሰጥም። እንግዲህ ከአልጋዋ ሳትወርድ ቡና የሚቀርብላትን አሮጊት አስቡ። ባለሙያው ይህን ካልነገራት መድኃኒቱ ባክኖ ይቀራል ወይም ይጎዳታል። በየስድስት ወሩ የሚወጋ ዴኖሱማብ የተባለ መድኃኒትም አለ። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ቀኑ ካለፈ ወይም ሌላ ሳይተካ ከተቋረጠ አጥንቱ በፍጥነት ይሳሳና ብዙ አከርካሪ ባንዴ ሊሰበር ይችላል። አቅርቦቱ ዛሬ ኖሮ ነገ በሚጠፋበት ቦታ ይህን መድኃኒት መጀመር ራሱ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለውን ፍርድ ብሮሹር አያስተምርም።

ለእኛስ ማን ይሠልጥን?

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንኖችን ያሠለጠነው ሐኪም ያልደረሰበት ቦታ እንዲደርሱ ነው። ይህ ሐሳብ ኒው ሜክሲኮ ላይ ከታየው ጋር አንድ ዘር ነው፤ እንዲያውም የእኛው ይቀድማል። ስለዚህ ነርሷና ጤና መኮንኑ ሥልጠናውን ቢያገኙ ሥራውን ይሠሩታል ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም የውጪውን ማኑዋል እንዳለ ማንሳት አያዋጣም። እኛ አገር ጀርባው የጎበጠ ሰው ሁሉ የአጥንት መሳሳት የለበትም። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳም ጀርባ ያጎብጣል። ክብደት ከቀነሰ፣ ላብና ትኩሳት ካለ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ ባለሙያው ሌላ መንገድ መያዝ አለበት። ሁለተኛ፣ አጥንት የሚያሳሱ መድኃኒቶች በየቤታችን አሉ። ፕሬድኒሶሎን በቀን 5 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ለሦስት ወር ከተወሰደ አጥንትን ይጎዳል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል፣ በኤችአይቪ ሕክምና ውስጥ ያለው ቴኖፎቪርም የአጥንት እፍጋትን ይቀንሳሉ። (ማንም ሰው ይህን አንብቦ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ! ጥያቄውን ለሐኪም ማቅረብ እንጂ።) ሦስተኛ፣ የዴክሳው ማነጻጸሪያ በአሜሪካ የተለኩ ከ20 እስከ 29 ዓመት ያሉ ነጭ ሴቶች ናቸው። የእኛን ሴት በእነሱ ሚዛን ስናስቀምጥ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል።

አራተኛው ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረናል። እኔ ወጌሻም ይሠልጥን እላለሁ፤ እሷ «ወጌሻ ጋ የሄደ ስብራት ተበላሽቶ ነው የሚመጣው» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ያለ አግባብ ታስሮ እጅ እስከመቆረጥ የሚደርስ ጉዳት አለ። ግን የአያቴን አንጓ መጀመሪያ ያየው ማን ነው? ደወሉ የተደወለው ወጌሻው ቤት ነው። መድኃኒት ይዘዙ አላልኩም። «ከቆሙበት ወድቀው የተሰበሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ሲመጡ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩልን» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይማሩ ነው ያልኩት። ሳንስማማ ተኛን።

ሕክምናው ኪኒን ብቻ አይደለም። ወለሉ ላይ የፈሰሰው ውሃ፣ የሚጠልፈው ብርድ ልብስ፣ ሌሊት መብራት የሌለው ኮሪደር፣ ያልተመረመረ ዓይን፣ ሁሉም የሕክምናው ክፍል ናቸው። ምግብን በተመለከተ በጾም ወተት ስለማይጠጣ ካልሲየም ከጤፍ፣ ከጎመንና ከሰሊጥ እንዴት እንደሚገኝ ባለሙያው መምከር መቻል አለበት። ይህን «ወተት ጠጡ» ብሎ ብቻ ያለፈ ሥልጠና ለእኛ አልተዘጋጀም።

ግድግዳው

ለፋሲካ ዕረፍት ጓደኛዬን ይዤ ቤት ሄድኩ። ቡና ከተጠጣ በኋላ ለአያቴ «እማማ፣ እስቲ ግድግዳውን ተደግፈው ይቁሙልኝ» አለቻቸው። አያቴ ሳቁ። «ፎቶ ልታነሺኝ ነው?» አሉ። በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ። ተረከዛቸው ግድግዳውን ነካ፤ ጀርባቸው ነካ፤ ራሳቸው አልነካም። ጓደኛዬ በራሳቸውና በግድግዳው መካከል መዳፏን አስገባች፤ ገባ። በጎድናቸውና በዳሌያቸው መካከል ግን ሁለተኛው ጣቷ በጭንቅ ነው የገባው።

«እማማ፣ ቁመትዎ ቀንሷል እንዴ?»

«ኧረ ቀሚሴ ነው የረዘመው» አሉ አያቴ። የሚለብሱት ጥበብ ቀሚስ ለአጎቴ ሰርግ የተሰፋ ነው። ያኔ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ነበር የሚያርፈው፤ አሁን መሬት ይጠርጋል። ሁላችንም ለዓመታት አይተነዋል። እናቴማ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፋ ሰፍታላቸዋለች።

ጓደኛዬ ስለ መድኃኒት ጠየቀቻቸው። «ምንም አልወስድም» አሉ። ትንሽ ቆይተው መቀነታቸውን ፈቱና በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጡ። አስም ሲነሳባቸው ከፋርማሲ እያስገዙ የሚውጧት ትንሽ ኪኒን ናት። ጓደኛዬ ማሸጊያውን አገላብጣ አየችውና ለእኔ ሰጠችኝ። ፕሬድኒሶሎን ይላል። «ከመቼ ጀምሮ ነው እማማ?» አለቻቸው። «እሱንማ ማን ቆጠረው፤ አባትሽ ከመሞቱ በፊት ነው» አሉ ወደ እኔ እያዩ። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

ባንድ ጊዜ እንዳያቋርጡት አስጠንቅቃቸው፣ ሰኞ ሐኪም ዘንድ የሚያሳዩትን ወረቀት ጻፈችላቸው። የአንጓውን ስብራት፣ የዳሌውን፣ የቁመቱን መቀነስ፣ የኪኒኑን ዘመን በየተራ አስቀመጠች። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ሲተኙ ያልተጻፈው ይኸው ነበር።

እናቴ 52 ዓመቷ ነው። ወረቀቱ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ነበር። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ምንም ሳትናገር ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።